እሁድ እንዳትስቁ

በሦስት የእንግሊዝኛ ግሦች ምክንያት አንዲት ተማሪዬን አሳልፌ ሰጥቻለሁ። የላሊበላ ሰው ግን ያዳንኳት እኔ እንደሆንኩ ነው የሚያምነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ባገኙኝ ቁጥር እጄን ጨብጠው ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ። ይህን የምጽፈው ያ አሜን ስለከበደኝ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና መጥቶ ወጣት ከገበያ፣ ከማሳ፣ አንዳንዴም ከሠርግ ዳስ እየታፈሰ የሚሄድበት ዘመን። እኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ዕጣዬ ላሊበላ ሆነ፤ ከጋሸና እህል በጫነ መኪና ላይ ተቀምጬ አቧራ ለብሼ ገባሁ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመደብኩ። መጽሐፍ ስላልነበረ ትምህርቱን ሁሉ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቹ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ።

ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ ሃያ ዓመት የሞላት ሴት ነበረች። ገና በልጅነቷ ወደ ገነተ ማርያም በኩል ተድራ፣ ትዳሩ አልሆንላት ብሎ ፈታ ተመልሳ፣ ያቋረጠችውን ትምህርት የቀጠለች ናት። የምትኖረው ጠላ ከምትሸጥ እናቷ ጋር ነው። አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት፤ ቅዳሜ ገበያ በግ ሊሸጥ ወጥቶ ታፈሰ። ከጦር ማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ይህች ሴት ሌላ ሰው መሆን ትችል ነበር። ሌላ አባባል የለኝም። ጨው ነጋዴው ሚዛን ሲያነሣ የሚያደርገውን፣ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ቁልፍ ጠፍቶበት ኪሱን ሲዳብስ የሚያጉረመርመውን ታደርገዋለች። ፊቷ ሳይቀር ይለወጣል። በዕረፍት ሰዓት ተማሪዎች ከበዋት ሲስቁ በመስኮት አይቼ እኔም ብቻዬን ስቄ አውቃለሁ።

የወረዳው ካድሬ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበር። በየእሁዱ፣ ሆን ብሎ በቅዳሴ ሰዓት፣ ሕዝቡን ቀበሌ አዳራሽ ይሰበስባል። ንግግር ሲጀምር ኮፍያውን አንሥቶ መልሶ ይደፋል። ሁለት ጊዜ ይስላል። ነገሩን ሲጨርስ ደግሞ «ግልጽ ነው?» ብሎ ይጠይቅና ማንም አፉን ሳይከፍት ራሱ «ግልጽ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ ልማዱ የሚያስቅ ነበር፤ የሳቀ ሰው ግን አላየሁም። ከአዳራሹ ጎን ያለው መጋዘን እስር ቤት ነበርና።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ሦስት ግሥ ጻፍኩ። ኢሚቴት፣ ሚሚክ፣ ሞክ። በአማርኛ ሦስቱንም «ማስመሰል» ብለን ልናልፋቸው እንችላለን፤ ልዩነታቸው ግን ትልቅ እንደሆነ ነገርኳቸው። ኢሚቴት ሌላው የሚያደርገውን አይቶ እንደ እሱ ማድረግ ነው አልኩ፤ ክፋት የለበትም፣ ልጅ አባቱን እያየ ማረስ እንደሚማረው። ሚሚክ ድምፁንና አካሄዱን ልቅም አድርጎ ማምጣት ነው፤ ለጨዋታም ይሆናል። ሞክ ግን ማፌዝ ነው፤ ሰውየው እንዲያንስ፣ እንዲናቅ ተብሎ የሚደረግ።

አልገባቸውም። ፊታቸው ላይ አየሁት። ስለዚህ ያቺን ተማሪ ነይ ብዬ ወደ ፊት አወጣኋት።

«እስቲ አንድ ሰው አሳዪን» አልኳት።

ጠመኔውን ከእጄ ተቀብላ እኔን ሆነች። እጄን በሱሪዬ ላይ ስጠርግ፣ «ሪፒት አፍተር ሚ» ስል የማሾልከው ትንሽ ትንፋሽ ሁሉ አልቀረም። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ደስ አለኝ፤ ትምህርቱ ገባቸው ማለት ነው።

«ይህ ሚሚክ ነው» አልኩ። «ሞክንስ? ለሞክ ሌላ ሰው አምጪልን።»

ትንሽ አመነታች። «ማንን ላምጣ ቲቸር?»

«የፈለግሽውን። ሁሉም የሚያውቀውን ሰው።»

ይህን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ከሳቁ ሙቀት ጋር አፌ ያወጣው ቢሆንም ቃሉ የኔ ነው።

ወደ ክፍሉ ዞረች። የሌለውን ኮፍያ አነሣች፤ መልሳ ደፋች። ሁለት ጊዜ ሳለች። «ግልጽ ነው?» አለች ድምፁን አወፍራ። «ግልጽ ነው።»

ለአንድ አፍታ ሁሉም በአንድነት ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ተቆረጠ። በየተራ አልነበረም የቆመው፤ በአንዴ ነው። ሁሉም ከሳቀ በኋላ ምን እንዳደረገ ያወቀ መሰለኝ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ዴስካቸው ላይ አቀረቀሩ። እሷም እጇን አወረደች። እኔ ጠመኔ ፈልጌ ሰሌዳው ላይ የማያስፈልግ መስመር አሰመርኩ።

ሐሙስ ምንም አልሆነም። ዓርብ ዳይሬክተሩ ሰላምታዬን ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈ። ሰኞ የመምህራን ክፍል ስገባ ወሬ ቆመ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ሁልጊዜ «እንደምን አደሩ» የሚለኝ ሽማግሌ፣ በዚያ ቀን ጠጋ ብሎ «ዘመድ አለዎ ወይ በአቅራቢያ?» ሲል ጠየቀኝ። ለምን እንደጠየቀኝ አልነገረኝም። ማክሰኞ ካድሬው ጠራኝ።

ቢሮው ጠባብ ናት። ጠረጴዛው ላይ ከደብተር የተቀደደ አንድ ወረቀት አለ። ሦስቱ ግሦች ከነትርጉማቸው፣ ልክ እኔ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኳቸው። የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት። ያንን ልጅ ደብተር በየሳምንቱ አርማለሁና «ኬ» የምትባለዋን ፊደል ጭራ እንዴት እንደሚያስረዝማት አውቃለሁ። አባቱ ከጎን ባለው መጋዘን ውስጥ እንደታሰረም አውቃለሁ። ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁንም አልናገርም።

«ተቀመጥ ጓድ መምህር» አለ ካድሬው። «ይህን ያስተማርከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጓድ፤ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው።»

«ትምህርት መሆኑንማ አየሁ። እኔም ተምሬአለሁ።» ከመሳቢያው ሽፋን የሌለው አሮጌ መዝገበ ቃላት አወጣ። ሦስት ቦታ ላይ ወረቀት ሰክቶበታል። እያንዳንዱን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ፤ አነባበቡ መጥፎ አልነበረም። ሲጨርስ መጽሐፉን ዘጋው። «ሦስት ናቸው። ልጅቷ እኔን ያደረገችኝ በየትኛው ነው?»

«በመጀመሪያው ነው። በኢሚቴት።»

«ማለት?»

«አርአያ መከተል እንደማለት ነው ጓድ። አክብሮት አለበት።»

«ተማሪዎቹ ግን ስቀዋል።»

«ልጆች ናቸው።»

በመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት አገልግል ይዛ መጋዘኑ በር ላይ ቆማለች። ዘበኛው እንድትቀመጥ አልፈቀደላትም። ካድሬው የማየውን ተከትሎ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«ማን አዘዛት?» አለ።

ይህን ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት እየጠበቅሁት ነበር። መልሱንም በመንገድ ላይ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። «ማንም አላዘዛትም። ራሷ ናት።»

ወረቀትና ብዕር ገፋልኝ። ራሷ ተነሥታ፣ ማንም ሳያዛት፣ ብዬ ጻፍኩ። ኢሚቴት መሆኑንም ጨመርኩበት፣ እንደሚጠቅማት አድርጌ። ፈረምኩ።

ካድሬው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጥሩ። ኢሚቴት ነው ብለህ ፈርመሃል። እንግዲህ እሁድ ስብሰባ ላይ፣ እኔ ባለሁበት፣ ሕዝብ ፊት ቆማ ታድርገው። ማንም ካልሳቀ እውነትህን ነው። አንድ ሰው እንኳን ከሳቀ ሞክ ነው። በእኔ ላይ ማፌዝ ደግሞ በአብዮቱ ላይ ማፌዝ ነው። ግልጽ ነው?»

እኔም እንደ ሌላው ሰው ዝም አልኩ።

«ግልጽ ነው» አለ።

በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ጌሾ ስትወቅጥ ነበር፤ ዘነዘናውን አቁማ አዳመጠችኝ። የእሁዱን ነገር ነገርኳቸው። የፈረምኩትን አልነገርኳቸውም።

«ዛሬውኑ ትሂድ» አልኩ። «ዘመድ ካላችሁ።»

«ዘመድስ አለን፤ ይምርሐነ ክርስቶስ በኩል» አለች እናቷ። «እሷ ብትጠፋ እኔን ይይዙኛል። መያዙ ምንም አይደል። ግና ልጁ ደብዳቤ ቢጽፍ ማን ይቀበለዋል? በሩ ዝግ ሆኖ ቢመለስስ?»

ልጅቷ ቆማ ታዳምጥ ነበር። «አልሄድም እማዬ። እሁድ አደርገዋለሁ» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ። «እርስዎም ይመጣሉ አይደል ቲቸር?»

እመጣለሁ አልኩ።

ወሬው እንዴት እንደተሰማ አላውቅም፤ እኔ አልነበርኩም ያወራሁት። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ግን ሁሉም ሰው ያውቃል። ጨው ነጋዴው ጨው መዝኖ ሲሰጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሁድ እንዳትስቂ እህቴ» ይላል። ከቆላ የመጣው እስላም ጨርቅ ነጋዴ አቡጀዲ እየለካ ለደንበኞቹ ይህንኑ ይነግራል። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚወጡ ካህናት፣ ሁሉም የሚለው ያንኑ ነው፤ እሁድ እንዳትስቁ። ከተማው በሙሉ ለአንዲት ሴት ሲል አፉን ለመያዝ ተማምሎ ነበር።

እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። አትሳቅ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ጠላ ቤት ገብቼ ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲለማመዱ አየሁ። አንደኛው ኮፍያ የማንሣት ምልክት ያደርጋል፤ ሌላኛው ጥርሱን ነክሶ ያያል። ሁለቴ ቻሉ። በሦስተኛው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ የሁለቱም ፊት ጠቆረ፤ ጠላቸውን ሳይጨርሱ አንዱ በፊት በር፣ አንዱ በጓሮ ወጥተው ሄዱ።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ፤ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች። መምህራን የምንቀመጠው ከፊት ነው። ካድሬው ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ስሟን ጠራ። ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራለች።

«ክፍል ውስጥ ያደረግሽውን አድርጊ» አላት። «ሳታጎድዪ።»

«ያኔ አጭር ነበር ጓድ» አለች። «ያለፈውን እሁድ የተናገሩትን ላድርገው?»

ፈቀደላት። 

የሌለውን ኮፍያ አነሣች፤ ደፋች። ሁለቴ ሳለች።

«እናቶች! አባቶች! ልጆቻችሁ በደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይለብሳሉ። ደብዳቤ ያልመጣው መንገዱ ስለራቀ ነው። የእናንተ ሥራ መጠበቅ ነው። የሚያለቅስ እናት ካለ ጠላትን ነው የሚያስደስተው።»

ቃል በቃል ነበር። ድምፁ፣ አንገቱን የሚያዘነብልበት፣ «ጠላት» ሲል የሚያጠብቀው ሁሉ። መጀመሪያ ላይ ሰዎች ሲታገሉ አየሁ። ከጎኔ ያለው መምህር ጭኑን ይቆነጥጣል። አንዲት ሴት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጨምራ ነክሳለች። እየቆየ ግን የሚታገል ሰው ጠፋ፤ የሚያስቅ ነገር አልነበረውምና። ከልጅቷ አፍ ሲወጣ ንግግሩን ገና አሁን የሰማነው መሰለን። ከሰባት ሰው ስድስቱ ልጅ ወይም ወንድም የሄደበት ነው።

«ግልጽ ነው?» አለች። «ግልጽ ነው።»

የሳቀ የለም። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መቀመጫ መጨረሻ አንዲት አሮጊት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ዓይናቸው አያይም። ከሩቅ መንደር፣ ይምርሐነ ክርስቶስ አጠገብ፣ ስለ ልጃቸው ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። የከተማውን ምክር አልሰሙም፤ የሰሙት የካድሬውን ድምፅ ብቻ ነው።

«ጌታዬ» አሉ፣ «ባለፈውም ስመጣ እንዲህ ነበር ያሉኝ። የኔ ልጅ ከሄደ ሦስት ዓመቱ። መንገዱ ምን ያህል ቢርቅ ነው?»

የጠየቁት እሷን ነው። ልጅቷ ወደ ካድሬው አልዞረችም። የሌለውን ኮፍያ የያዘው እጇ ወረደ፤ ድምፁም ከእሷ ላይ ወረደ።

«እኔ አላውቅም እናቴ» አለች በራሷ ድምፅ። ወርዳም ቦታዋ ተቀመጠች።

ካድሬው ተነሣ። አንድ ነገር መናገር ነበረበት። ኮፍያውን አነሣ፤ ደፋ። ሁለቴ ሳለ።

«እናቶች! አባቶች! ልጆቻችሁ በደህና ናቸው። ደብዳቤ ያልመጣው መንገዱ...»

ቆመ። ራሱን ሰማ። እጁ ወደ ኮፍያው ሄደና ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ሌላ የሚለው ቢያጣ፣ ወደ ሕዝቡ አየና «ግልጽ ነው?» አለ።

እኔ ሳቅሁ።

አስቤበት አይደለም። ደስታም አልነበረበትም። ከሆዴ ተነሥቶ ልክ እንደ ትውከት ነው የወጣው፤ በእጄ ልይዘው ብሞክር በጣቶቼ መካከል አመለጠ። በአዳራሹ ውስጥ ሌላ ማንም አልሳቀም። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ ነው። ካድሬው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። አብዮት ጠባቂዎቹ በሩን ለቀው መጡና ክንዴን ያዙኝ።

በሩ ባዶ በሆነበት በዚያች ደቂቃ ልጅቷ ዓይነ ስውሯን አሮጊት እጃቸውን ይዛ ወጣች። በኋላ እንደሰማሁት ከከተማው መውጫ ላይ ኬላ ጠባቂው አስቁሟቸዋል። አሮጊቷ «ልጄ ናት፤ ቤቴ እያደረሰችኝ ነው» አሉት፤ አሳለፋቸው። የልጅቷን እናት ሁለት ሳምንት አስረው ለቀቋት። ሌላ ቦታ አልሄደችም፤ ደብዳቤ ስትጠብቅ እዚያው ቀረች።

በሦስተኛው ቀን ካድሬው መጋዘኑ በር ላይ መጣ። አስወጣኝ። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አለ። «የሳቅኸው በእሷ ነው በእኔ?»

በእሷ ብል ነፃ እወጣ ነበር ይሆናል። ማምለጧን ገና አላውቅም ነበር፤ ተይዛ ከሆነ በዚያ ቃል ታልቃለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን እንደምል እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ ጠዋት ግን ውሸት ለመፍጠር አቅም አልነበረኝም።

«እሷ ጨርሳ ነበር ጓድ» አልኩት። «በእርስዎ ነው።»

ኮፍያውን አልነካም፤ በሩን እንዲዘጉት ምልክት ሰጥቶ ሄደ።

ሰባት ወር ታሰርኩ። ስለ ሰባቱ ወር ብዙ መጻፍ አልፈልግም፤ ብርድ ሲገባ ውስጥ እግሬ ያስታውሰኛል። አንድ ቀን ግን ያለ ምግብ አልዋልኩም። የላሊበላ ሴቶች ተራ ገብተው ያመጡልኝ ነበር። በማላውቃቸው ሰዎች አገልግል ውስጥ ዶሮ ወጥ ያገኘሁበት ቀን አለ። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በኋላ አብሮኝ የታሰረ ገበሬ ነገረኝ፤ መምህሩ በሩ ባዶ እንዲሆን፣ ልጅቷ እንድትወጣ፣ ሆን ብሎ ሳቀ እየተባለ ነው። «ትልቅ ነገር ነው ያደረግህ» አለኝ። እኔም ምግቡን በላሁ፤ ዝምም አልኩ።

ከእስር ስወጣ ወደ ሌላ ወረዳ አዛወሩኝ። ደርግ ወደቀ። ዓመታት አለፉ። አንድ ጊዜ ወደ ወልድያ ስሄድ አውቶቡሱ ጋሸና ለምሳ ቆመ። የገባሁበት ምግብ ቤት ባለቤት ሽንኩርት እየከተፈች ቀና አለች፤ ያቺ ተማሪዬ ነበረች፤ አወቀችኝ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጉልበቴን ልትስም ዝቅ አለች። ክንዷን ይዤ አቆምኳት፤ ይህን መቀበል አልቻልኩም።

«ስሚኝ» አልኳት። «ካድሬው ማን አዘዛት ሲለኝ ራሷ ናት ብዬ ፈርሜአለሁ። የፈለግሽውን ሰው አምጪ ያልኩሽ እኔ ሆኜ ሳለ።»

«አውቃለሁ ቲቸር» አለች። «በማግስቱ ረቡዕ ጠርቶኝ ፊርማዎን አሳይቶኛል።»

ከእሁዱ በፊት ማለት ነው። እዚያ ጠረጴዛ ፊት ስትቆም፣ ከፊት ተቀምጬ ሳያት፣ ታውቅ ነበር።

«ታዲያ ለምን እሱ ነው ያዘዘኝ አላልሽም?»

«ምን ያደርግልኛል? ለመከራው አንድ ሰው ይበቃ ነበር።» ወንበር ሳበችልኝ። «ተቆጥቼብዎት ነበር፤ አልዋሽም። ሲስቁ ግን ቁጣው በቃኝ።»

ሆን ብዬ እንዳልሳቅሁም ነገርኳት። «ይህን ግን ለማንም አይንገሩ» አለችኝ። «ሰው ወዶታል።»

ወንድሟን ጠየቅኋት። አልተመለሰም፤ ሞቱንም የነገራቸው የለም። እናቷ ባለፈው ዓመት ታማ ስትደክም፣ የልጇን ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ እንድታሰማት ለመነቻት። ልጅቷ ከላሊበላ ከወጣች ወዲህ ማንንም ሆና አታውቅም ነበር። ሁለት ቀን እንቢ አለች። በሦስተኛው ቀን አልጋው አጠገብ ተቀምጣ በወንድሟ ድምፅ «እማዬ፣ ደህና ነኝ» አለቻት።

«አመነችሽ?» አልኩ።

«እጄን ይዛ ነበር እኮ። እኔ መሆኔን ታውቃለች» አለች። «ቢሆንም "ምነው ዘገየህ" አለችኝ።»

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። የምሳውን ሒሳብ አልቀበልም አለች። እስከ አውቶቡሱ በር ሸኘችኝ፤ ለመንገድ ብላ ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።